ሽፋኑ የአንዱ፣ ሸክላው የሌላው፦ የጃፓን ነጠላ ሸክላ ጥያቄ

ባለ ትንሿ ሸክላ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እህታችሁ የጃፓን ባለ 45 ዙር ሸክላ (በደቂቃ 45 ጊዜ የምትሽከረከረውን ትንሿን) መሰብሰብ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምኖረው ዮኮሃማ ነው፤ እሑድ እሑድ ግን በባቡር ወደ ቶኪዮ ሄጄ ጂምቦቾና ኦቻኖሚዙ ባሉ የአሮጌ ሸክላ መደብሮች ሳገላብጥ እውላለሁ። ከሙዚቃው በፊት ልቤን የወሰደው ሽፋኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንግሊዝ አገር አብዛኛው ነጠላ ሸክላ የሚሸጠው የኩባንያው ስም ብቻ በታተመበት፣ መሐሉ ክብ ሆኖ በተቆረጠ ወረቀት ውስጥ ነው። ጃፓኖች ግን ለዚያችው ሁለት ዘፈን ለያዘች ሸክላ ፎቶግራፍ፣ የዘፈኑን ግጥምና ማብራሪያ የያዘ ሽፋን ያዘጋጁላት ነበር። ያን ሁሉ ትጋት ሳይ አንዷን እንኳ አቧራ ውስጥ ትቼ መሄድ ያሳዝነኛል።

አሁን ግራ ያጋባኝን ልንገራችሁ። የእንግሊዙ ባንድ ቢትልስ በጃፓን መጀመሪያ የወጣላቸው ነጠላ ሸክላ «አይ ዎንት ቱ ሆልድ ዩር ሃንድ» ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1964 ሲሆን፣ የጃፓን ስሙ «ዳኪሺሜታይ» ይባላል። ያተመው ቶሺባ ነው፤ ሌብሉ (መሐሉ ላይ ያለው ክብ ወረቀት) ኦዲዮን፣ ቁጥሩም ኦ አር 1041። ይህ ሸክላ አሁን በእጄ ሁለት አለኝ።

አንደኛውን ባለፈው ወር በ3,800 የን ገዛሁት። ሻጩ በላዩ ላይ ባጣበቀው ብጣሽ ወረቀት «የመጀመሪያ እትም» ብሎ ጽፏል፤ ሽፋኑም ላይ የታተመው ዋጋ 330 የን ነው። ደስ ብሎኝ ይዤው ገባሁ። ቤት ደርሼ ሸክላውን ሳወጣው ግን ጥቁር ሆኖ አገኘሁት። መሐሉ ላይ አረንጓዴ ፖም ተስሏል፤ ቁጥሩም የሚጀምረው በኦ አር ሳይሆን በኤ አር ነው። የቢትልስ የራሳቸው ኩባንያ አፕል የተመሠረተው በ1968 ሆኖ ሳለ የ1964 ሽፋን ውስጥ እንዴት ሊገባ ቻለ?

ሁለተኛው ከአንድ ካርቶን ውስጥ በ300 የን የተገኘ ነው። ሽፋኑ ጫፍ ጫፉ ተልጧል፣ በእርጥበት ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቷል፣ ዋጋውም 400 የን ይላል። ሸክላው ግን ቀይ ነው! ሌብሉ ኦዲዮን፣ ቁጥሩ ኦ አር።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ሐሰተኛ ነው ማለት ነው? ቀዩ የ1964 እትም ነው? ሦስተኛውና እንቅልፍ የነሳኝ፦ ቀዩን ሸክላ አውጥቼ ባለ 330 የኑ ሽፋን ውስጥ ባስገባው ትክክለኛውን ጥንድ አገኘሁ ማለት ነው?

አሮጌ መርፌ፦

እህቴ፣ ከመልሱ በፊት አንድ ልመና አለኝ። ዛሬ ምንም አትለዋውጪ። ሁለቱንም ባሉበት አስቀምጪያቸውና ይህን አንብቢ።

እኔ ይህን ሥራ ኦሳካ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ይዤዋለሁ፤ ሰው ሁሉ የሚሰናከለው ከቀለሙ ላይ ነው። ቀይ ሸክላ ሲታይ ያምራል፣ ያስጎመጃል፣ «የመጀመሪያው ይሄ ነው» ያሰኛል። ቀይ የሆነበት ምክንያት ግን ከእትሙ ቅደም ተከተል ጋር ግንኙነት የለውም። ሸክላ ሲታሽ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይይዝና አቧራ ይስባል፤ ቶሺባ ይህን የሚከላከል ቅመም የተቀላቀለበት ሸክላ ሠርቶ «ኤቨር ክሊን» አለው፤ ከሌላው እንዲለይም ቀይ ቀለም ሰጠው። በ1960ዎቹ ሁሉ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ቀዩ ይታተም ነበር። በዚያው ዘመን ለዚያው ዘፈን ጥቁሩም ይታተም ነበር። ስለዚህ ቀለሙ የሚነግርሽ «ይህ የቶሺባ ነው፣ ከ1970ዎቹ አጋማሽም ወዲህ አይደለም» የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ አይነግርሽም።

እውነተኛውን ኤቨር ክሊን ለማየት መብራት አያስፈልግም፤ ቀን ላይ ወደ መስኮት ከፍ አድርጊው። ከጠረጴዛ ላይ ሲታይ እንደ ደረቀ ደም ጠቆር ያለው ሸክላ ብርሃን ሲያገኘው እንደ ፍም ይበራል። ጣትሽ በጀርባው በኩል ጥላ ሆኖ ይታያል፤ መሐሉ ላይ ያለው ሌብል ደግሞ ድቡልቡል ጥቁር ይሆናል። እኔ ይህን ከመቶ ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ፤ አሁንም አዲስ ሸክላ ባገኘሁ ቁጥር መጀመሪያ የምሄደው ወደ መስኮቱ ነው።

ታዲያ ዘመኑ በምን ይታወቃል? ማንም ከማያያቸው ከትንንሾቹ ጽሑፎች ነው።

አንደኛው ዋጋው ነው። ሽፋኑ ላይ «ቴይካ» ከሚለው ቃል ወይም ከየን ምልክቱ አጠገብ ይገኛል። ነጠላ ሸክላ በ1964 ዋጋው 330 የን ነበር። በዚያው አሥርት መጨረሻ ወደ 370፣ ቀጥሎም ወደ 400 አደገ። በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ ወደ 500 ዘለለ፤ ሸክላ የሚሠራው ከነዳጅ ከሚወጣ ፕላስቲክ ስለሆነ ቀውሱ የነካው በቀጥታ ነው። ከዚያ 600፣ በ1980ዎቹ ደግሞ 700 ሆነ። ተወዳጅ ዘፈን ለዓመታት ከገበያ አይጠፋም ነበር፤ ዋጋው በጨመረ ቁጥር ሽፋኑ በአዲስ ዋጋ ይታተማል፣ ፎቶግራፉና ቁጥሩ ግን አይለወጥም። ለዚህ ነው አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ሽፋኖች የዓመታት ልዩነት ሊኖራቸው የሚችለው። አንዳንዴም አሮጌው ዋጋ ላይ አዲሱን ዋጋ የያዘ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ ታገኛለሽ፤ እሱን በጭራሽ አትላጪው። እኔ አንዱን በልጅነት ችኮላ ልጬው ሽፋኑም አብሮ ተነሥቷል፤ ዛሬም ሳየው ያመኛል።

ሁለተኛው በሌብሉ ዙሪያ ጠርዝ ላይ የተጻፈው የኩባንያ ስም ነው። እስከ 1973 ድረስ ስሙ ቶሺባ ኦንጋኩ ኮግዮ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ከሆነ «ቶሺባ ሚዩዚካል ኢንደስትሪስ» ይላል። ከኦክቶበር 1973 ጀምሮ ግን ቶሺባ ኢ ኤም አይ ተባለ። ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ ማጉያ መነጽር ያስፈልግሻል፤ ከሁሉም የማይዋሸው ምስክር ግን ይህ ነው።

ሦስተኛው ከቁጥሩ በፊት ያለው ፊደል ነው። የቢትልስ የኦዲዮን ሸክላዎች በአፕል ሌብል እንደገና ሲታተሙ ኦ አር የነበረው ኤ አር ሆነ። በቁጥሩ ብቻ ቅደም ተከተል ማውጣት ግን አይቻልም። «ፕሊዝ ፕሊዝ ሚ» በጃፓን ኦ አር 1024 ነው፤ ቁጥሩ ከ1041 ያንሳል፣ ለሕዝብ የደረሰው ግን ከእሱ በኋላ ነው።

እንግዲህ ወደ አንቺ እንመለስ። የመጀመሪያው ሐሰተኛ አይደለም። ሽፋኑም እውነተኛ ነው፣ ሸክላውም እውነተኛ ነው፤ ብቻ የተገናኙት ዘግይተው ነው። ምናልባት የፊተኛው ሸክላ ተሰብሮ ወይም አልቆ ባለቤቱ አዲስ ገዝቶ አሮጌ ሽፋኑ ውስጥ ከቶት ይሆናል፤ ምናልባትም ከሻጭ እጅ ተቀላቅሎ ይሆናል። «የመጀመሪያ እትም» ተብሎ መሸጡ ግን ስህተት ነው፤ ገንዘቡን መጠየቅ መብትሽ ነው።

ሁለተኛው ከባለ 400 የን ሽፋኑ ጋር የተወለደ ጥንድ ሊሆን ይችላል። ዋጋው 400 በነበረበት ጊዜ ቀዩ ገና ይታተም ነበርና። አውጥተሽ 330 የኑ ውስጥ ብትከቺው ዓይን የሚያታልል ነገር ትሠሪያለሽ። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ካንቺ በኋላ የሚይዘው ሰው ግን አያውቅም።

ሰማያዊ ሌብል፦

ጋሼ አሮጌ መርፌ ስለ ዋጋውና ስለ ኩባንያው ስም የጻፉት ልክ ነው። በመለዋወጡ ላይ ግን ሐሳቤ ትንሽ ይለያል። ሸክላ ሙዚየም አይደለም፤ የ1964 ሽፋን ኦዲዮን ሌብል ያለው ሸክላ ቢያቅፍ ፖም ካለበት ይሻለዋል። እኔ ብሆን አለዋውጬ፣ የቀየርኩትን በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከውስጥ አስቀምጥ ነበር። ለሚቀጥለው ሰው የሚያስፈልገው እውነቱ ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ እውነቱን ይነግረዋል።

ሌላው ለባለ ትንሿ ሸክላ ልጨምርላት የምፈልገው፣ በጃፓን ሌብል የሚለወጠው በድጋሚ እትም ጊዜ ብቻ አለመሆኑን ነው። አንዳንዴ ከበላይ ያለው ውል ሲለወጥ ሌብሉም አብሮ ይለወጣል። እኔ የምሰበስበው በ1960ዎቹ መጨረሻ «ግሩፕ ሳውንድስ» ይባሉ የነበሩትን የጃፓን ባንዶች ነው። ብሉ ኮሜትስ በ1967 «ብሉ ሻቶ» የተባለውን ዘፈናቸውን ሲያወጡ ያተመው ኒፖን ኮሎምቢያ ነበር፤ ሌብሉ ላይ ያለው ስም ግን የአሜሪካው ሲ ቢ ኤስ ነው። የጃፓን ባንድ፣ የጃፓን ዘፈን፣ የውጭ ሌብል! ስፓይደርሶቹ የፊሊፕስን፣ ታይገርሶቹ የፖሊዶርን ሌብል የያዙትም በዚያው ዘመን ነው። ምክንያቱም ደስ የሚል ነው። በዚያን ጊዜ ስመ ጥር የዜማና የግጥም ደራሲዎች ለአገር ውስጥ ሌብሎች ብቻ ለመሥራት የተፈራረሙ ነበሩ፤ በውጭ ሙዚቃ ክፍል በኩል ሲወጣ ግን ውል የሌላቸውን ወጣት ደራሲዎች ማሠራት ይቻል ነበር። አዲሱ ድምፅ የገባው በዚያ የጎን በር ነው።

በ1968 ሲ ቢ ኤስ ሶኒ ሲቋቋም የሲ ቢ ኤስ ስም ከኒፖን ኮሎምቢያ እጅ ወጣ፤ ባንዱ ግን እዚያው ቀረ። ስለዚህ ያው ባንድ ያው ኩባንያ ሆኖ ሳለ መሐሉ ላይ ያለው ክብ ወረቀት ሌላ ሆነ። ታይገርስን ያሳተመው ኒፖን ግራሞፎንም በ1971 ስሙን ፖሊዶር አደረገው፤ ከጠርዙ ላይ «ግራሞፎን» የሚለውን ካነበብሽ ሸክላው ከዚያ በፊት የታተመ መሆኑን ታውቂያለሽ።

እነዚህን የማይበት መደርደሪያ ፊት ስቆም ዘፈኑን ብቻ አይደለም የምሰማው። ማን ከማን ጋር እንደተዋዋለ፣ ማን ከማን እንደተለያየ ሁሉ እዚያ ክብ ወረቀት ላይ አለ።

ሸክላ ስታገላብጪ ሌብሉ ነጭ የሆነ፣ ሦስት የቻይና ፊደላት የታተሙበት ካገኘሽ ቶሎ አትለፊው። «ሚሆንባን» ተብሎ ይነበባል፤ ለሬዲዮና ለመደብር የሚላክ ናሙና ማለት ነው። ለሽያጭ አልነበረም።

አሮጌ መርፌ፦

ሰማያዊ ሌብል፣ ወንድሜ፣ ስለ ብሉ ኮሜትስ የጻፍከው አስደስቶኛል። ስለ ወረቀቱ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ወረቀት ይወድቃል። ከሦስት እጅ በኋላ የሚቀረው ሽፋኑና ሸክላው ብቻ ነው። እኔ ዘንድ የጃፓናዊው ዘፋኝ የኪዩ ሳካሞቶ «ኡዌ ኦ ሙይቴ አሩኮ» አለ፤ በኦክቶበር 1961 የወጣው፣ ቁጥሩ ጄ ፒ 5083። በአሜሪካ «ሱኪያኪ» ተብሎ በጁን 1963 ለሦስት ሳምንት አንደኛ የሆነው ዘፈን ነው። የሸጠልኝ ሰው ሽፋኑንና ሸክላውን ከሁለት ቦታ አምጥቶ እንዳጣመረው የነገረኝ በቃል ብቻ ነበር። እኔም ብሞት ያን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አሁን በሽፋኑ ውስጥ ሳይሆን በመዝገቤ ላይ ጽፌዋለሁ፤ መዝገቡም ከሸክላዎቹ ጋር አብሮ እንዲሄድ ለልጆቼ አዝዣለሁ። ይህ እንኳ በቂ አይመስለኝም።

ጸጥ ያለ ቦይ፦

እኔ ስለ እትም ብዙ አላውቅም፤ የማውቀው ስለ ድምፁ ነው። ሁለቱን ሸክላዎች ከምን ውስጥ አወጣሻቸው? ይህን የምጠይቀው በጃፓን አሮጌ ሸክላዎች ላይ ከጭረት የባሰ ጠላት ስላለ ነው።

ከሽፋኑ ውስጥ ያለው ስስ የፕላስቲክ ከረጢት አንዳንዱ ለስላሳ ፒ ቪ ሲ ነው። ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ኬሚካል በአሥርት ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ሸክላው ይሸጋገራል። ያን ጊዜ ሸክላው ላይ እንደ ጭጋግ ያለ ነጣ ያለ ደመና ይታያል፤ አንዳንዴ የከረጢቱ ሽብሽብ ሳይቀር ታትሞ ይቀራል። ጃፓኖች «ቢኒያኬ» ይሉታል። ዓይን ሲያየው አቧራ ይመስላል፤ በጨርቅ ቢጠርጉት ግን አይለቅም። መርፌው ሲያልፍበት የማያቋርጥ የሹክሹክታ ድምፅ ይሰማል፣ በተለይ ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ረጋ ባለው ክፍል ላይ። ማጠብ ትንሽ ያሻሽለዋል እንጂ ጨርሶ አያድነውም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ከረጢቱን አስወግጂና ወረቀት ወይም ፖሊኢትሊን ከረጢት ውስጥ አድርጊያቸው። ሽፋኑን ደግሞ ለብቻው አስቀምጪ። የሰኔው ዝናብ ሲገባ ቤት ውስጥ ያለው እርጥበት ነው ያን ቡናማ ነጠብጣብ የሚያወጣው፤ መደርደሪያው ከውጭ ግድግዳ ትንሽ ይራቅ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ መሐሉ ላይ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ፣ መጠኑ ግን ነጠላ ሸክላ የሚያክል ካገኘሽ ፍጥነቱን ሳታዪ አታጫውቺው። ብዙዎቹ አራት ዘፈን የያዙ ባለ 33 ዙር ናቸው። ትልቅ ቀዳዳ ያለውን ጃፓኖች «ዶናት» ይሉታል፤ የአንቺዎቹ እነሱ ናቸው።

ባለ ትንሿ ሸክላ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ማጉያ መነጽር ገዝቼ ገባሁና እስከ እኩለ ሌሊት ተቀመጥኩ።

ፖም ያለበት ሸክላ ጠርዝ ላይ ያለው ቶሺባ ኢ ኤም አይ ነው። ጋሼ እንዳሉት ከኦክቶበር 1973 በኋላ የታተመ ነው ማለት ነው። ሽፋኑ የ1964 ዋጋ ያለው፣ ሸክላው ግን ከዓመታት በኋላ የታተመ ሆኖ ተገኘ። ቀዩ ላይ ደግሞ የፊተኛው ስም ነው ያለው። ወደ መስኮትም ወስጄ አየሁት፤ ጣቴ በጀርባው በኩል ታየ። ጸጥ ያለ ቦይ እንደጠረጠርከው የጥቁሩ ከረጢት ለስላሳውና የሚጣበቀው ዓይነት ነበር። ሸክላው ላይ በአንድ በኩል የከረጢቱ እጥፋት እንደ ነጭ መስመር ቀርቷል። ከረጢቱን ጥዬ ሁለቱንም ወረቀት ውስጥ አድርጌያቸዋለሁ።

ገንዘቤን ልጠይቅ ወስኜ ሽፋኑን ለመጨረሻ ጊዜ ሳገላብጠው ግን ሌላ ነገር አየሁ። ግጥሙ ከታተመበት ገጽ ላይ፣ ከእንግሊዝኛው መስመር ሁሉ በላይ፣ በእርሳስ በካታካና፣ ጃፓኖች የውጭ ቃል በሚጽፉበት ፊደል፣ የተጻፈ አለ። እያንዳንዱ ቃል እንዴት እንደሚነበብ አንድ ሰው ቀስ ብሎ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ሳይዘል ጽፎታል። አንድ ቦታ ላይ ተሳስቶ አጥፍቶ እንደገና ጽፏል። ወረቀቱ በግራ በኩል በአውራ ጣት ልክ ደብዝዟል፤ ይዞት ይዘፍን ነበር መሰለኝ። ያ ሰው ሸክላውን እስኪያልቅ አጫውቶ፣ ከዓመታት በኋላ አዲሱን ገዝቶ ያው ሽፋን ውስጥ የመለሰው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ማረጋገጥ አልችልም፤ ከአእምሮዬ ግን ሊወጣ አልቻለም።

ለሻጩ አልመልሰውም። አልለዋውጥምም። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ያ የእርሳስ ጽሑፍ እየደበዘዘ ነው፤ እንዳይጠፋ ምን ላድርግ?

አሮጌ መርፌ፦

በምንም ነገር አትንኪው፤ ላጲስም ሆነ እርጥብ ጨርቅ አታቅርቢለት። እርሳስ በብርሃን አይጠፋም፤ የሚጠፋው በመታሸት ነው። ስለዚህ ያ ገጽ ከፕላስቲክ ጋር እንዳይፋተግ ከላዩ ላይ አሲድ የሌለበት ስስ ወረቀት አድርጊና ከረጢቱ ሰፋ ያለ ይሁን። ፎቶግራፍ አንሺው፤ ብርሃኑን ከጎን አድርጊው፣ ያን ጊዜ የጠፋው ፊደል እንኳ ወረቀቱ ላይ ከተወው ጎድጓዳ ይታያል። መዝገብ ከሌለሽ ዛሬ ጀምሪ፤ የመጀመሪያው መስመር ላይም «330 የን ሽፋን፣ የአፕል ሸክላ፣ በእርሳስ የተጻፈ ካታካና ያለበት» ብለሽ ጻፊ።